ለባዕድ የማይነገር መድኃኒት

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እኅት መሬማ ናት። ጊዜው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ በፊትም ብዙ በድላኛለች፤ ያንን ለመተው ሞክሬ ነበር። የባለፈውን ዓመት ግን አልተውኩትም። ስሜን አልጽፍም። ዘመድ ሲያነበው ማን እንደጻፈው ያውቃል፤ ያ ይበቃኛል።

ባሌ ሰይድ ዕድሜውን የጨረሰው በከባድ መኪና ሹፌርነት ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ እግሩ አበጠና ሐኪም ቤት ስንወስደው ደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቷል ተባለ። ደም የሚያቀጥን ኪኒን ታዘዘለት። ሲበዛ ሰውየው ይደማል፣ ሲያንስ ደሙ ይረጋል፣ ስለዚህ በየወሩ እየመጣ ይመርመር አሉን። ጎመን አንድ ሰሞን አብዝቶ አንድ ሰሞን መተውም ኪኒኑን እንደሚያዛባ ነገሩኝ። እኔ ለጥንቃቄ ብዬ ጎመን የሚባል ነገር ከቤቴ አስወጣሁ። ጎመን ያማረው ሰው ውጭ ይብላ አልኩ።

ኪኒኑን የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ከአስር ሶላት በኋላ ውሃ በብርጭቆ ይዤ፣ ፊቱ ቆሜ፣ ሲውጥ አይቼ እመለሳለሁ። ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። የምኮራበት ነገር ብዙ የለኝም፤ በዚህ ግን እኮራ ነበር።

መሬማ የምትኖረው ፈረንሳይ ሰፈር፣ እንጦጦ ግርጌ ነው። እኛ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ መራራቃችን ለእኔ ደስታ ነበር። ሰይድ ግን ዓርብ ዓርብ ጁምዓውን ሰግዶ እሷ ዘንድ ይሄዳል፣ ምሳውን እዚያ ይበላል፣ ታክሲ ተጋፍቶ ለኪኒኑ ሰዓት ይደርሳል። አልከለከልኩትም። እኅቱ ናት።

ይህች ሴት መድኃኒት ታውቃለች ይባላል። እናታቸው ታውቅ ነበረና ስትሞት ለታላቋ ሴት ልጅ ነገረቻት። ቅጠሉን በማለዳ እንጦጦ ወጥታ ትለቅማለች። ፓርኩ ከተሠራ ወዲህ እንኳ አልቀረባትም፤ መውጫ መግቢያውን ከጥበቃዎቹ በላይ ታውቀዋለች። ቅጠሉን ከቅመም ጋር ትወቅጥና በማር ትለውሰዋለች። ምን ምን እንደሚገባበት ግን አትናገርም። ስሙ ከተጠራ፣ ይልቁንም ባዕድ ከሰማው፣ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ ሰው አያድንም ብለው ያምናሉ። ይህን እምነት በብዙ ቤት አይቻለሁ። የነሱ ግን የባሰ ነው።

ባዕድ ማለት እኔ ነኝ።

ልጄ ጀማል ሕፃን ሳለ ደረቱ ታፍኖ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። መሬማ ተጠርታ መጣች። ከገዛ ማድ ቤቴ አስወጣችኝና በሩን ዘጋችው። ውስጥ ሙቀጫው ይሰማኛል፤ እኔ ደጅ ቆሜአለሁ፤ ልጄ ጀርባዬ ላይ ያስላል። በበሩ ስንጥቅ አየችኝና "ራቅ በይ፣ ሽታውም ቢሆን ላንቺ አይደለም" አለችኝ። ልጁ ዳነ። መዳኑን አልክድም። ስለዳነ ግን አፍ አጣሁ። ያን በር መዝጋቷን ማንም እንደ በደል አልቆጠረልኝም። እኔም እትዬ መሬማ፣ እርስዎ እያልኩ ዕድሜዬን ሁሉ አከበርኳት።

አሁን ወደ ባለፈው ዓመት ልመለስ።

መጀመሪያ ያየሁት ድዱን ነው። ጥርሱን ሲፍቅ መፋቂያው በደም ቀልቶ ይወጣል። ቀጥሎ ማንም ሳይመታው ክንዱ ጠቆረ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ቀጠሮዬ ደርሷል፣ ያኔ ይታያል አለ። ለጀማል ደወልኩ። መፋቂያው ሻካራ ሆኖበት ይሆናል አለኝ። ልጄ የሚሠራው ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ለሁሉም ነገር መልስ አያጣም።

ከዚያ አንድ ጠዋት አፍንጫው ይደማ ጀመር። ቆንጥጬ ያዝኩለት፣ ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አደረግሁ፤ አልቆመም። ከላይ ፎቅ የሚኖር ጎረቤታችን በራሱ መኪና ወሰደን። ከየካ አባዶ ወደ መሀል ከተማ በጠዋት መሄድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው ይሄዳል፣ ይቆማል። ሰይድ ሹፌርነቱ አልለቀቀውምና ጎረቤታችን ፍሬን በያዘ ቁጥር የሱም እግር አብሮ ይረግጣል። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ "ይኼ ሰው ማርሽ መቀየር ማን አስተማረው?" አለኝና ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ በሙሉ በደም ተሸፍኖ አየሁ። የፈራሁት ያኔ ነው።

ሆስፒታሉ ደሙን መረመረ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ውጤቱን ይዛ መጣችና ደሙ ከሚገባው በላይ እጅግ ቀጥኗል፣ ሆዱ ውስጥም ሳይደማ አይቀርም አለች። መርፌ ሰጡትና አስተኙት። ከዚያ ወደኛ ዞራ ኪኒኑን የሚሰጣቸው ማን ነው ብላ ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኩ። ምን ያህል እንደምሰጠው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሰጥተው ረስተው ደግመው ይሆን እንዴ አለችኝ። አላደርገውም አልኩ። ጥያቄዋ አላስከፋኝም። ሥራዋ ነው።

ያስከፋኝ ከኋላዬ የመጣው ነው። ጀማል ደውሎላት ኖሮ መሬማ ደርሳለች።

"ዓይኗ እኮ ደክሟል" አለች ለዶክተሯ። "በቀደም ለታ እንኳ የራሷ ቤት መስሏት የሰው በር ስታንኳኳ ነበር። ምን ታድርግ፣ አረጀች።"

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሰው በር አንኳኩቶ ያውቃል፤ ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ታሪክ እኔው ነኝ ለማሳቅ ብዬ የነገርኳት። ደግሞ በሐዘኔታ ነው የተናገረችው። ብትሰድበኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ።

ዶክተሯ አንድ ነገር ጨመረች። የባህል መድኃኒት፣ ቅጠል፣ ሥር፣ ምንም የሚወስዱት ነገር አለ ወይ አለች። ሰይድን አየችው፤ ሰይድ ዓይኑን ጨፈነ። የደከመው መሰለኝ። መሬማን አየቻት።

"የለም" አለች መሬማ።

ዶክተሯ ጻፈችና ሄደች።

ጀማል ከሰዓት በኋላ የካ አባዶ ሄዶ ኪኒኑን ከመሳቢያዬ አውጥቶ ወሰደ። "እማ፣ ከእንግዲህ እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ ዕረፊ" አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነው። ለዘመድ በስልክ ሲያስረዳም ሰማሁት፤ በስህተት ነው እንጂ አውቃ አይደለም ይላቸዋል። እየመጡ አይዞሽ ይሉኛል። ትከሻዬን ይዘው ቀስ ብለው ያስቀምጡኛል። ባሏን ልትገድል የነበረች ሴት እንዴት እንደምትያዝ ያየሁት በራሴ ነው።

ቤቴ ስገባ ራሴን ጠረጠርኩ። መርፌና ክር አውጥቼ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ክሩን አስገባሁት። አውጥቼ እንደገና አስገባሁት። ዓይኔ ደህና ነው። ታዲያ እጄ ነው የከዳኝ? ጭንቅላቴ ነው? በዚህ ዕድሜ ሰውን ከራሱ ጋር እንደማጣላት ያለ ግፍ አላውቅም።

ሰይድ ሆስፒታል እያለ ኪኒኑ ተቋረጠ፣ ደሙም መስተካከል ጀመረ። ከዚያ ደግሞ ድዱ ደማ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ዶክተሯ ግራ ገባት። ጀማል አጠገቤ ቆሞ ሳለ "እማማ፣ አሁን እንኳ የእርስዎ እጅ የለበትም፤ ኪኒኑን ካቆምን ሰንብተናል" አለችኝ። ጀማል ስልኩን ማየት ጀመረ።

በማግስቱ ጀማልን ይዤ ማልጄ ሄድኩ። እሱ በር ላይ ካርድ ሲያወጣ እኔ ቀድሜው ገባሁ። መሬማ ግን ከሁላችንም ቀድማለች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ አልጋው ጎን ተቀምጣ፣ ከሻይ ፔርሙዝ ወደ ክዳኑ እየቀዳች በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ሰይድ አየኝና አፉን ገጠመ።

"ዋጥ አድርገው እንጂ፣ ሳትመጣ" አለችው።

ምንድን ነው እትዬ መሬማ አልኳት። ሳትደነግጥ ዞራ ሾርባ ነው አለችኝ። ከማርና ከነጭ ሽንኩርት የሚሠራ ሾርባ አላውቅም። ክፍሉ በሙሉ ይሸታል።

እሷን ተውኩና ሰይድን ጠየቅሁት። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩት። ካለፈው ምርመራዬ ወዲህ ነው አለ ጣሪያውን እያየ። ዓርብ ዓርብ እዚያው ይውጣል። የሳምንቱን ደግሞ በብልቃጥ ታሲዝለታለች፤ የጓደኛው ፀጉር ቤት ያስቀምጠውና ጠዋት ጠዋት ለእግሬ እንቅስቃሴ እያለ እየሄደ በማንኪያ ይወስዳል። የረጋውን ደም ያሟሟልሃል ብላዋለች። ለእኔ እንዳይነግረኝ ደግሞ በእናታቸው ስም አስምላዋለች። እኔ ፊቱ ቆሜ ኪኒን ሳውጠው፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን እሱ ያውቃል፣ እሷ ታውቃለች። ዶክተሯ ፊት ዓይኑን የጨፈነውም ደክሞት አልነበረም።

ፔርሙዙን ከእጇ ነጠቅኋት። ሮጬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን በፍጥነት ነው የሄድኩት። እሷም ተከተለችኝ። ጀማል ኮሪደሩ ላይ አገኘንና ምንድን ነው ምንድን ነው እያለ አብሮን ገባ።

ዶክተሯ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ምን ምን አለበት አለቻት። መሬማ ፔርሙዙን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። ዶክተሯ ረጋ ብላ ለመነቻት። ቅጠሉ ጉበት ወይም ኩላሊት የሚነካ ከሆነ የምሰጠው ሕክምና ይለያል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ቢደማ ደግሞ ምንም ላደርግ አልችልም አለቻት።

"የእናቴ አደራ ነው" አለች መሬማ። "ከተነገረ አይሠራም።"

"አሁንስ መቼ ሠራ?" አለች ዶክተሯ።

ጀማል አክስቴ እባክሽ አለ። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ይህች ሴት ወንድሟን አትወደውም አልልም፤ ትወደዋለች። ከወንድሟ ይልቅ ግን ምስጢሯን ትወዳለች።

ያኔ ነው እርስዎ ማለት የበቃኝ።

"መሬማ፣ ወንድምሽ ይሙት ወይስ መድኃኒትሽ ይርከስ?" አልኳት። "እዚሁ ምረጪ፤ ልጄም ይስማሽ።"

ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለዶክተሯ "እሷ ትውጣና እነግርሻለሁ" አለች።

እኔ ልውጣ። በዚያ ሰዓትም፣ በዚያ ቦታም እኔ ባዕድ ነኝ። ጀማልን አየሁት። እማ፣ ለአባባ ስትይ አለኝ። ለአባቱ ስል ወጣሁ። ውጪ የሚለውን ግን ከዚያች ሴት አንደበት ብቻ ሳይሆን ከልጄም አንደበት መስማቴን አልረሳውም።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኖ እንጦጦ ይታያል፤ ደመና ተኝቶበት ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ "እናቴ፣ ሰው ሞቶብዎት ነው?" አለችኝ።

"ገና ነው" አልኳት።

ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠችኝ። እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዶክተሯ ራሷ ወጥታ ጠራችኝ። ሚስታቸው እርስዎ ነዎት፣ የሚያስታምሙትም እርስዎ ነዎት፣ ከእርስዎ የሚደበቅ ነገር የለም ብላ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ነጭ ሽንኩርት። ዝንጅብል። እርድ። ጥቁር አዝሙድ። ቅርንፉድ። ከእንጦጦ የሚለቀመው ጦስኝና ዳማከሴ ነው። በማር ተለውሶ።

ሌላስ አልኳት።

ሌላ የለም አለች።

ዕድሜ ልኬን በር የተዘጋብኝ በዚህ ነው። ዳማከሴው የኛ ብሎክ ሥር በቆርቆሮ ተተክሎ ሕፃናት ኳስ ሲጫወቱ ይረግጡታል። ጦስኙን ለሻይ ከጉልት እገዛዋለሁ። የቀረው ወጥ የምሠራበት ነው። ማድ ቤቴ ውስጥ ተደርድሮ ካለው ቅመም እኔን አስወጥታ ነው በሩን የቆለፈችው።

ዶክተሯ ቅጠሉንም ቅመሙንም አላጣጣለችም። "እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ ዝንጅብልና ጦስኝ አፍልቼ እጠጣለሁ፣ ነጭ ሽንኩርቱም ጥቁር አዝሙዱም በወጥ በዳቦ ቢበሉት ደግ ነው" አለች። ነገር ግን ከነዚህ ውስጥ ደም የሚያቀጥኑ አሉ፤ አንድ ላይ ተወቅጠው፣ በብዛት፣ በየቀኑ ሲወሰዱና እሱን ከመሰለ ኪኒን ጋር ሲገናኙ ደሙ ጨርሶ መርጋት ያቅተዋል፤ ኪኒኑ ከቆመም በኋላ ቅሪቱ ደም ውስጥ ይሰነብታል። "በመጀመሪያው ቀን ስጠይቅ ቢነገረኝ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር" አለች። ይህን ስትል የምታየው ጀማልን ነበር።

ሰይድ ደም ተሰጠው፤ ተረፈ። አልሐምዱሊላህ። ኪኒኑ መጠኑ ተቀንሶ እንደገና ተጀመረለት። ዛሬ ቤቱ ነው። ቤት ውስጥ ሲንቀሳቀስ ዕቃ እንዳይሰበር የሚጠነቀቅ እንግዳ ይመስላል። ማልኩ፣ ምን ላድርግ ብሎኛል። በኒካሕ የተገባውን ቃልስ ምን አደረግኸው አልኩት። አብስዬ አበላዋለሁ፤ ልብሱን አጥብለታለሁ፤ የማናወራበት ቀን ይበዛል።

ከመሬማ ይቅርታ አልመጣም። ለዘመድ የምታወራው መድኃኒቱ ደህና እንደነበር፣ ያበላሸው ኪኒኑ እንደሆነ፣ እኔ ደግሞ ሆስፒታል ሙሉ ሰው ፊት ስሙን አስጠርቼ እንዳረከስኩት ነው። ስለ ዓይኔ የተናገረችውን አንስቶ የጠየቃት ሰው የለም። ሽማግሌዎች መጡና ታናሽ አንቺ ነሽ፣ ሄደሽ ሰላም በያት አሉኝ። ጀማልም አሮጊት ናት፣ ተያት አለ። እኔስ ምንድን ነኝ? አስብበታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

ሰው ስሜቱ ከጊዜ ጋር ይበርዳል ይላል። የኔ አልበረደም። ለሰይድ መትረፍ አመሰግናለሁ፤ ለቀረው ግን ንዴቴ ዛሬም እንደዚያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ይህ ነው።

ጀማል ኪኒኑን መልሶ አመጣልኝ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በቃ አንቺው ስጪው አለኝ። ያ መሆኑ ነው ይቅርታው። አልቀበልም አልኩት። ሰዓቱን ወደ ምሽት አዛወሩለትና አሁን በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፎ የካ አባዶ ድረስ እየመጣ ራሱ ይሰጠዋል። ስለ ሰልፉ ያማርራል። ራት አቀርብለታለሁ። ኪኒኑን አልነካም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ የመሬማ የልጅ ልጅ ተዳረች። ፈረንሳይ፣ እነሱ ግቢ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሄድኩ። ልታረቅ የመጣሁ መስሏቸው ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ከመሬማ ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። ወሬ ወሬን አንስቶ አንዲት ምራታቸው ልጇ ሳል አልለቅ ብሎት እንደሰነበተ ተናገረችና እትዬ መሬማ ያንን መድኃኒትዎን ይሥሩልኝ አለች።

እኔ ልንገርሽ አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁሉንም ስሙን እየጠራሁ ነገርኳቸው፤ ቅመሙን፣ ቅጠሉን፣ እንዴት እንደሚወቀጥ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር እንደማይሰጥ፣ ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳትጠይቅ እንዳትወስደው፣ ደም የሚያቀጥን ኪኒን የሚውጥ ሰው ደግሞ እንዳይነካው ነገርኳቸው። መሬማ "ዝም በይ" አለችኝ። አልጮኸችም። ቀጠልኩ። ልጃገረዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ይጽፋሉ። አንዷ ጦስኙ እርጥብ ነው ደረቅ ብላ ጠየቀችኝ። ደረቅ ነው አልኳት።

ከዚያ ምሳዬን በላሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ሙሽራዋን መርቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።